የቤት ቆጣሪ ሲያጠራጥር
(ለማኅበሩ አባላት ከቀረበ ንግግር)



በገበያ እህል የሚሸምት ሰው ቁናው ሲሰፈር ቆሞ ያያል። ሻጩ እህሉን ሲያፈስ፣ በመዳፉ ሲደለድል፣ ጫፉን ሲቆልል የገዢው ዓይን ከዚያ አይነቀልም። ቁናው ጎደለ ብሎ ቢጠረጥር ደግሞ ከአጠገቡ ካለው ነጋዴ ሌላ ቁና አስመጥቶ እንደገና ያሰፍራል። በኤሌክትሪክ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሸቀጡ አይታይም፤ አይዳሰስም፤ የሚሰፈረውም እየተበላ ነው። መስፈሪያው የሻጩ ሆኖ የተሰቀለው በገዢው ግድግዳ ላይ ነው። ገዢው በዓይኑ ከማየት በስተቀር ሊነካው አይፈቀድለትም። ሻጩ በወር አንድ ጊዜ መጥቶ ቁጥሩን ይመለከታል፤ አንዳንድ ወርም ሳይመጣ ይቀራል። በዚህ ሁኔታ ላይ የተመሠረተ ግብይት ያለ ጭቅጭቅ መቶ ዓመት በላይ መዝለቁ ያስገርም እንደሆነ እንጂ ጥርጣሬ መነሣቱ የሚያስደንቅ አይደለም።

የኤሌክትሪክ ባለሙያ በሰፈሩ ከሚቀርቡለት ጥያቄዎች ሁሉ «ይህ ቆጣሪ ትክክል ነው ወይ?» የሚለውን ያህል ተደጋግሞ የሚሰማ ያለ አይመስልም። ከፍተኛ መስመር የሚዘረጋውም፣ በቢሮ ተቀምጦ ንድፍ የሚያወጣውም፣ በትምህርት ቤት የሚያስተምረውም በበዓል ቀን ዘመድ ሊጠይቅ በሄደበት ቤት ቡናው ሳይፈላ ወደ ቆጣሪው ይመራል። ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስም «ቆጣሪ አይሳሳትም» ወይም «ቆጣሪ ሁሉ ሌባ ነው» ከሚሉት ከሁለቱ አንዱ ነው። ሁለቱም ሳይለኩ የተነገሩ ስለሆኑ የባለሙያ መልስ ሊባሉ አይችሉም። የዚህ ንግግር ዓላማም በሁለቱ መካከል ያለውን ሥራ፣ ማለትም የመለካቱን ሥራ ማሳየት ነው።

ኤሌክትሪክን በችርቻሮ መሸጥ በተጀመረበት በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቶማስ ኤዲሰን የተጠቀመበት ቆጣሪ ኬሚካላዊ ነበር። በዚንክ ሰልፌት ውህድ ውስጥ የተነከሩ የዚንክ ሰሌዳዎች ነበሩት። ደንበኛው ከሚወስደው ኮረንቲ ጥቂቱ እጅ በውህዱ በኩል ሲያልፍ ዚንኩ ከአንዱ ሰሌዳ ወደ ሌላው ይሸጋገራል፤ በወሩ መጨረሻ ሰሌዳዎቹ ተነቅለው በሚዛን ይመዘናሉ፤ ሂሳቡም ከክብደቱ ለውጥ ይሰላል። ዘዴው በሳይንስ ረገድ ነቀፋ የለበትም። ጉድለቱ ደንበኛው በቤቱ የተቀመጠውን መሣሪያ ቢያፈጥበት አንዳች የሚያነብበት ነገር ያልነበረ መሆኑ ነው። ሻጩ መዝኖ የሚነግረውን አምኖ ከመክፈል በስተቀር ምርጫ አልነበረውም።

ይህን የለወጠው የሚሽከረከረው ሳህን ነው። ጣሊያናዊው ጋሊሌዮ ፌራሪስ በ1885 (እ.ኤ.አ.) የሚዞር የማግኔት መስክን ካሳየ በኋላ አሜሪካዊው ኦሊቨር ሻለንበርገር በ1888 በአርክ መብራት ላይ ሲሠራ አንዲት የወደቀች ትንሽ ስፕሪንግ በማግኔቱ መስክ ስትሽከረከር አስተዋለ፤ ከዚያም ተነሥቶ የተለዋዋጭ ኮረንቲ ቆጣሪ ሠራ። የእርሱ ቆጣሪ የሚቆጥረው የአምፔር ሰዓትን ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በ1889 በሀንጋሪ የጋንዝ ፋብሪካ ኦቶ ብላቲ ራሱን ኃይሉን፣ ይኸውም የዋት ሰዓትን የሚቆጥር መሣሪያ አወጣ። የኢትዮጵያ መብራት ኃይል ባለሥልጣን በ1948 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት በከተሞቻችን ግድግዳ ላይ ሲዞር የኖረው፣ ዛሬም በብዙ ቤት የሚገኘው ባለ ሳህን ቆጣሪ የእነዚህ ሰዎች ሥራ ተወላጅ ነው።

አሠራሩ ለማኅበሩ አባላት እንግዳ ባይሆንም፣ የስሕተቱ አቅጣጫ የሚታወቀው ከአሠራሩ ስለሆነ በአጭሩ ማንሣት ያስፈልጋል። አንዱ ጥቅል ሽቦ ቮልቱን፣ ሌላው ኮረንቲውን ይቀበላል፤ የሁለቱ መስኮች ተባብረው ቀጭኑን የአሉሚኒየም ሳህን ይገፉታል፤ አንድ ቋሚ ማግኔት ደግሞ ከወዲያ ሆኖ ያግተዋል። ሳህኑ በገፊውና በአጋቹ መካከል ሚዛኑን ጠብቆ ሲዞር ፍጥነቱ ከሚወሰደው ኃይል ጋር እኩል ይሄዳል። በቆጣሪው ፊት ላይ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ዙር እንደሚዞር ተጽፏል። ቁጥሩ 600 ከሆነ አንድ የ100 ዋት ጭነት ሳህኑን በደቂቃ አንድ ጊዜ ያዞረዋል ማለት ነው። ይህን ያህል ቀላልና ግልጽ የሆነ መለኪያ በቤት ውስጥ ከሚገኙ ዕቃዎች መካከል ሌላ አይገኝም፤ ሆኖም የሚመለከተው ሰው ጥቂት ነው።

እንግዲህ ገፊው ወገን ቢደክም ወይም የሳህኑ መቀመጫ ቢያረጅ፣ አቧራና የሸረሪት ድር ቢገባበት ቆጣሪው ይዘገያል፤ ሻጩ ይጎዳል። አጋቹ ማግኔት ቢደክም ግን ሳህኑ ይፈጥናል፤ ገዢው ይጎዳል። ያረጀ ባለ ሳህን ቆጣሪ ከመፍጠን ይልቅ ወደ መዘግየት ማዘንበሉ እውነት ነው። ነገር ግን ይህን እውነት አቤት ባይን ዝም ለማሰኘት መጠቀም ተገቢ አይደለም። ስለ መቶ ቆጣሪዎች የሚነገር ነገር በአንድ ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለው አንድ ቆጣሪ የሚሰጠው ማስረጃ የለም። መብረቅ በአቅራቢያ ባለ መስመር ላይ ሲወድቅ የሚነሣው ኃይለኛ መስክ አጋቹን ማግኔት ሊያደክመው ይችላል፤ የክረምቱን ጠባይ ለሚያውቅ አገር ይህ ተረት አይደለም።

ምሳሌ ይሆን ዘንድ አንድ ቤት ይታሰብ። ባለቤቷ ጡረተኛ ወይዘሮ ናቸው፤ አንድ የእንጀራ ምጣድ፣ አንድ ምድጃ፣ አንድ የውሃ ማሞቂያ፣ ጥቂት አምፑሎች አሏቸው። በወር 110 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይቆጥርባቸው የነበረው አሁን 162 ደርሷል። አቤት ብለው ያገኙት መልስ «ቆጣሪው ትክክል ነው፤ አጠቃቀምዎን ይቀንሱ» የሚል ነው። አምፑል ቀንሰዋል፤ ለውጥ የለም። በመጨረሻ የጎረቤታቸውን ልጅ፣ ሙያውን የተማረውን ወጣት ያስጠራሉ።

«ልጄ፣ ይህ ነገር እኔ ተኝቼም ይበላል እንዴ?» ይላሉ።

«እማማ፣ እሱን አሁን አብረን እናየዋለን። በፊት ግን የከፈሉባቸው ወረቀቶች ካሉ ያውጡልኝ» ይላል ወጣቱ።

ወይዘሮዋ የብስኩት ቆርቆሮ አውጥተው የአንድ ዓመት ተኩል ደረሰኝ በየተራው ዘርግተው ያሳዩታል። የዚህ ቤት ጉዳይ የተፈታው በግማሹ በዚህ ቆርቆሮ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የመጀመሪያው ሥራ በቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር በደረሰኙ ላይ ካለው ጋር ማስተያየት ነው። ከሚቀርቡት አቤቱታዎች ብዙዎቹ በቆጣሪው ሳይሆን በንባቡ የሚመጡ ናቸው። በኮማ የተለየውን ወይም በቀይ የተጻፈውን የአሥረኛ ቁጥር እንደ ሙሉ ቁጥር መውሰድ ሂሳቡን አሥር እጥፍ ያደርገዋል፤ ይህ ግን ስለሚያስደነግጥ ወዲያው ይታረማል። የሚከፋው የሁለት ቁጥሮች ቦታ መለዋወጥ ነው፤ ልዩነቱ ትንሽ ስለሚሆን ተሸሽጎ ይኖራል። በእኚህ ወይዘሮ ቤት ግን ንባቡ ትክክል ሆኖ ተገኘ።

ሁለተኛው ሥራ ከቆጣሪው ወዲህ ያለውን ዋና ማጥፊያ አጥፍቶ ሳህኑን መመልከት ነው። ጤነኛ ቆጣሪ ጭነት በሌለበት ጥቂት ሊንቀሳቀስ ይችላል፤ ሙሉ ዙር ግን አይዞርም። በሳህኑ ላይ ትይዩ ሆነው የተበሱት ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች ለዚሁ የተደረጉ ናቸው፤ ቀዳዳው ከቮልቱ ማግኔት ሥር ሲደርስ ሳህኑ ይቆማል። በዚህ ቤት ጥቁሩ ምልክት ግማሽ መንገድ ያህል ሄዶ ቆመ። ሩብ ሰዓት ተጠበቀ፤ አልተንቀሳቀሰም። ቆጣሪው ባዶውን አይቆጥርም ማለት ነው።

ከዚያ ዋናው ማጥፊያ ተከፍቶ የቤቱ ዕቃ ሁሉ ጠፍቶ ሳለ ሳህኑ መዞር ጀመረ። ዝግ ብሎ ነው፤ አንዱን ዙር ሁለት ደቂቃ ይፈጅበታል። ቆጣሪው ባለ 600 ዙር ስለሆነ ይህ 50 ዋት ነው። 50 ዋት የአንድ ደብዛዛ አምፑል ያህል ቢመስልም ሌሊትና ቀን ሳያርፍ ሲበላ በሠላሳ ቀን 36 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ወይዘሮዋ ተኝተውም ይበላል ወይ ብለው ላቀረቡት ጥያቄ መልሱ ይኸው ነበር። ፊውዞቹ አንድ በአንድ ሲነቀሉ ሳህኑ የቆመው የውሃ ማሞቂያው መስመር ሲወጣ ነው። የማሞቂያው ማጥፊያ በፌዙ ላይ መግባት ሲገባው በኒውትራሉ ላይ ገብቶ ተገኘ። ስለዚህ ማሞቂያው ጠፋ ሲባል እንኳ ፌዙ ከእሱ አይለይም፤ ሽፋኑ ያረጀው የማሞቂያ ሽቦም ቀንና ሌሊት ወደ መሬት ያፈስሳል። ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳስበው ይህ ነው፤ የመሬት ሽቦው በሆነ ምክንያት ቢበጠስ የማሞቂያው አካል ራሱ ፌዝ ይሆን ነበርና።

እዚህ ላይ ብዙ ባለሙያ ሥራውን ይዘጋል። ጥፋቱ ተገኘ፤ ጥፋቱም የቤቱ ነው፤ ሻጩ ትክክል ነበረ። ወጣቱ ግን የደረሰኞቹን ቁጥሮች እንደገና ይመለከታል። ጭማሪው 52 ነው፤ የተገኘው 36 ነው፤ 16 ይቀራል። ደረሰኞቹም ጭማሪው በሁለት ደረጃ መምጣቱን ያሳያሉ፦ እስከ ሐምሌ 110 ያህል፣ ከነሐሴ ጀምሮ 126 ያህል፣ ከኅዳር ጀምሮ 162። አንድ ጥፋት በሁለት ደረጃ አይመጣም አይባልም፤ ነገር ግን መጠርጠር ይገባል።

ስለዚህ ሦስተኛው ሥራ፣ የታወቀ ጭነት አስገብቶ ዙሩን መቁጠር ይመጣል። በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ስላለ ቆም ብሎ ማየት ይበጃል። በምድጃው ላይ «220 ቮልት፣ 2400 ዋት» ተብሎ ተጽፏል። በ2400 ዋት ባለ 600 ዙር ቆጣሪ በደቂቃ 24፣ በሁለት ደቂቃ 48 ዙር ሊዞር ይገባዋል። ወጣቱ ሲቆጥር 47 ሆነ። በጽሑፉ ብቻ የሚፈርድ ሰው «ቆጣሪው ትክክል ነው፤ እንዲያውም ለእርስዎ በጥቂቱ ያዘነብላል» ብሎ በተሰናበተ ነበር።

ሆኖም በዚያ ሰዓት በሶኬቱ ላይ የተለካው ቮልት 205 እንጂ 220 አልነበረም፤ በምድጃው ሽቦ የሚያልፈውም 10 አምፔር ነበር። እውነተኛው ጭነት 2050 ዋት ነው። ለዚህ ጭነት ትክክለኛ ቆጣሪ በሁለት ደቂቃ 41 ጊዜ ብቻ መዞር ነበረበት። 47ን ለ41 ሲያካፍሉት ቆጣሪው ከመቶ 15 ያህል እንደሚፈጥን ይታያል። በሚያሞቁ ዕቃዎች ኃይሉ ከቮልቱ ጋር ብቻ ሳይሆን ከቮልቱ እጥፍ ብዜት ጋር ስለሚወርድ፣ ቮልቱ ከ220 ወደ 190 ቢወርድ የ100 ዋት ዕቃ ወደ 75 ዋት ይጠጋል። በምሽት መብራት በሚደክምባቸው ሰፈሮች ዕቃው ላይ የተጻፈውን አምኖ ቆጣሪ መፈተን ራሱ ስሕተት የሚያመርት ፈተና ነው። በቤት የተሠሩ ምጣዶች ላይ ደግሞ ጽሑፉም አይገኝም፤ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት የሚወስዱ መሆናቸው ቢታወቅም በዚህ መሐል ያለው ርቀት ለፈተና የሚበቃ አይደለም።

ወጣቱ የያዘው መቆንጠጫ መለኪያና ቮልት ሜትር የራሳቸው ስሕተት አላቸው። በሰፈር የሚያዝ መለኪያ ሦስት፣ አራት ከመቶ ቢሳት አያስገርምም። ለተራ የቤት ቆጣሪ የሚፈቀደው ልዩነት በመደበኛ ጭነት ከመቶ 2 ስለሆነ፣ የሰፈሩ ባለሙያ ሦስት ከመቶ ልዩነት ቢያገኝ ቆጣሪውን ሊከስ አይችልም። አሥራ አምስት ከመቶ ግን ከመለኪያው ስሕተት በላይ ነው። ወጣቱ የሚለውም «ቆጣሪዎ ሌባ ነው» ሳይሆን «እማማ፣ ከሃምሳ ሁለቱ ሠላሳ ስድስቱ የማሞቂያዎ ነው፤ አሥራ ስድስቱን ግን ቆጣሪው ሳይሆን አይቀርም፤ በማመሳከሪያ ቆጣሪ እንዲፈተንልዎ በጽሑፍ ይጠይቁ» የሚል ነው።

ይህን መልስ መስጠት ከሚታሰበው በላይ ይከብዳል። ወይዘሮዋ መስማት የሚፈልጉት ጥፋቱ የሻጩ መሆኑን ነው። ሻጩም ጥፋቱ የቤቱ መሆኑን ይፈልጋል፤ ለሁለቱም ግማሽ ግማሽ የሚሰጥ ሰው በሁለቱም በኩል ወዳጅ አያተርፍም። ከዚህም በላይ ማሞቂያውን ሳይናገር ቆጣሪውን ብቻ ቢከስ፣ በፈተናው ቀን ፈታኞቹ ማሞቂያውን አግኝተው አቤቱታውን በሙሉ ውድቅ ያደርጉት ነበር። ማሞቂያው በሚገባ ተጠግኖ፣ የተጠገነበት ቀንና በዚያ ቀን ቆጣሪው ላይ የነበረው ቁጥር ከተጻፈ በኋላ ግን በሚቀጥለው ወር የሚመጣው ንባብ ራሱ ምስክር ይሆናል። ከ162 ወደ 126 ከወረደና እዚያው ከቆመ የቀረው የቆጣሪው ነው።

ባለሙያው ሊያደርገው የማይገባ ነገር አለ፤ ይኸውም የእርሳሱን ማኅተም መክፈት። ማኅተሙ የተከፈተ ቆጣሪ ምንም ያህል ስሕተት ቢገኝበት ለደንበኛው ማስረጃ መሆኑ ይቀራል፤ እንዲያውም በራሱ በደንበኛው ላይ ማስረጃ ይሆናል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የሕይወት ጉዳይ ነው፦ ዋናው ማጥፊያ ቢጠፋም ከእሱ በፊት ያሉት የቆጣሪው ብሎኖች ፌዝ እንደ ተሸከሙ ናቸው፤ ኃይላቸው የሚቋረጠው ከምሰሶው ነው። በብሎኖቹ አካባቢ የተቃጠለ ሽታ ወይም የጠቆረ ፕላስቲክ ከታየ ነገሩ የሂሳብ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የእሳት ጉዳይ ስለሆነ ፈተናው ተትቶ በዚያው ቀን ማስታወቅ ያስፈልጋል።

ስለ መዘግየትም መነሣት ያለበት ነገር አለ። ቆጣሪው ዘግይቶ ወይም ጨርሶ ቆሞ የተገኘበት ቤት አቤት የሚል የለም፤ ይህም የሰው ጠባይ ነው። ነገር ግን ሻጩ አንድ ቀን ሲደርስበት የወራት ሂሳብ በግምት ተሰልቶ ባንድ ጊዜ ይመጣል፤ ግምቱን የሚሞግት ማስረጃም በቤቱ አይገኝም። ቆጣሪው መቆሙን በጊዜው በጽሑፍ ያስታወቀ ደንበኛ ቢያንስ የግምቱ መነሻ ቀን በእጁ ይኖራል። ዘመድ የሚያማክረው ባለሙያ «ዝም በል፤ እግዜር የሰጠህ ነው» ሲል የሚሰማበት ጊዜ አለ፤ ምክሩ በሙያ ረገድም በገንዘብ ረገድም መጥፎ ነው።

ዋጋው በአጠቃቀሙ መጠን እየጨመረ በሚሄድበት አገር የመስፈሪያ ስሕተት ከራሱ መጠን በላይ ይጎዳል። በኢትዮጵያ እስከ 2011 ዓ.ም. ለመኖሪያ ቤት የመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎዋት ሰዓቶች እያንዳንዳቸው 27 ሳንቲም ገደማ ይታሰቡ ነበር፤ ከዚያ በላይ ያለው ዋጋው ከፍ እያለ ይሄዳል። በ2011 ዓ.ም. ታሪፉ ሲሻሻልም በእርከን መሄዱ አልቀረም። ስለሆነም ከመቶ 15 የሚፈጥን ቆጣሪ ሂሳቡን የሚጨምረው ከመቶ 15 ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ቤቱን ከአንዱ እርከን ወደ ሌላው ካሻገረው ጭማሪው ይበልጣል። እንደዚሁም ቆጣሪ አንባቢው ሦስት ወር ሳይመጣ ቀርቶ በአራተኛው ሲመጣ፣ በየወሩ 80 የሚጠቀም ቤት በአንድ ወር 320 የተጠቀመ ይመስላል። ቆጣሪው አንዲት ነጥብ አልተሳሳተም፤ አንባቢውም ትክክል ነው ያነበበው። ሆኖም ፍጆታው በየወሩ ካልተከፋፈለ በቀር ድሀው ቤት በባለጸጋ ዋጋ ይከፍላል። ከቆጣሪ ስሕተት ሁሉ ይህ ይብሳል ቢባል የሚያከራክር አይሆንም፤ በየትኛውም የፈተና ጠረጴዛ ላይ አይገኝምና።

ቆጣሪ በጋራ የሚጠቀሙ ቤቶችም ዕጣቸው ይኸው ነው። በአንድ ግቢ ሦስት ቤተሰብ እያንዳንዱ 45 ኪሎዋት ሰዓት ቢጠቀም ለየብቻው በታችኛው እርከን በቀረ ነበር፤ በአንድ ቆጣሪ ሲደመር ግን 135 ይሆናል። ከዚያ ሂሳቡ በአምፑል ብዛት ወይም በሰው ቁጥር ይከፈልና አምፑል ያለው ምጣድ ያላትን ይደጉማል። ባለቤትና ተከራይ «ቆጣሪው ነው» ሲባባሉ ባለሙያ ቢጠሩ የሚያገኘው ጤነኛ ቆጣሪና የታመመ ክፍፍል ነው። እዚያ የሚያስፈልገው ሳህን መቁጠር ሳይሆን ለየቤቱ ንዑስ ቆጣሪ ማስገባት ነው።

አዲሶቹ ኤሌክትሮኒክ ቆጣሪዎች የሚዞር ነገር የላቸውም። መቀመጫቸው አያረጅም፣ ሸረሪት አያግታቸውም፤ በሳህኑ ምትክ የምትርገበገብ ትንሽ ቀይ መብራት አለቻቸው። በፊታቸው በአንድ ኪሎዋት ሰዓት 1600 ጊዜ እንደምትርገበገብ ከተጻፈ በ1500 ዋት ጭነት በደቂቃ 40 ጊዜ ትርገበገባለች፤ ፈተናው ከላይ ከተነገረው አይለይም። የሚለየው ደንበኛው የማያየው ክፍል መብዛቱ ነው። በኔዘርላንድስ የትዌንተ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ፍራንክ ሌፈሪንክ የሚመራ ቡድን በ2017 (እ.ኤ.አ.) ይፋ ባደረገው ጥናት ከ2004 እስከ 2014 የተሠሩ ዘጠኝ ቆጣሪዎችን በኃይል ቆጣቢ አምፑሎችና በብርሃን መቀነሻ ጭነት ፈተነ። አምስቱ ከእውነተኛው በላይ ቆጠሩ፤ ከፍተኛው ልዩነት ከመቶ 582 ደርሶ ነበር። ሁለቱ ደግሞ ከመቶ 30 ያህል አሳንሰው ቆጠሩ። አብዝተው የቆጠሩት ኮረንቲውን በሮጎቭስኪ ጥቅል የሚለኩት ሲሆኑ፣ ምክንያቱ እነዚያ ዕቃዎች ኮረንቲውን እንደ ሞገድ ሳይሆን በድንገተኛ ሹል ምት የሚስቡ መሆናቸው ነው። ፈተናው የተደረገው ሆን ተብሎ በተዘጋጀ ጭነት እንጂ በተራ ቤት ውስጥ አይደለምና በየቤቱ እንዲህ ይሆናል ማለት አይቻልም። ቢሆንም የፋብሪካውን ፈተና ያለፈ ቆጣሪ ፋብሪካው ባላሰበው ጭነት ሊሳሳት እንደሚችል ጥናቱ በማያጠራጥር ሁኔታ አሳይቷል። በንጹሕ ምድጃ ብቻ የተፈተነ ኤሌክትሮኒክ ቆጣሪ ተፈተነ ሊባል የሚችለው በከፊል ነው።

ወደ ወይዘሮዋ ቤት ስንመለስ፣ አቤቱታቸው በጽሑፍ ገባ፤ የደረሰኞቹ ቅጂም ተያያዘ። ማመሳከሪያ ቆጣሪ ይዘው የመጡት ፈታኞች ሥራቸውን የሠሩት በወይዘሮዋና በወጣቱ ፊት ነበር፤ ይህን መጠየቅ የደንበኛው ድርሻ ነው። ውጤቱ ቆጣሪው ከመቶ 14 እንደሚፈጥን አሳየ። ተመላሹ ከየትኛው ወር ጀምሮ ይታሰብ የሚለው ክርክር ሲነሣ ወይዘሮዋ ቆርቆሮዋቸውን ከፍተው የሐምሌንና የነሐሴን ደረሰኝ ጎን ለጎን አስቀመጡ። በሐምሌ መጨረሻ ከበራቸው ያለው ምሰሶ በመብረቅ ተመትቶ ሰፈሩ ሁለት ቀን ጨለማ ማደሩን የማያስታውስ ጎረቤት አልነበረም።

አሮጌው ቆጣሪ ከመነቀሉ በፊት ወጣቱ አንድ ወረቀት አወጣ። የአሮጌውን መለያ ቁጥርና የመጨረሻ ንባብ፣ ከሥሩም የአዲሱን መለያ ቁጥርና የመነሻ ንባብ ጻፈ፤ ከአዲሱ ቆጣሪ ጋር የአሮጌው ቁጥር ተቀላቅሎ የሚመጣ ሂሳብ በየጊዜው ይታያልና። ፈታኙ ፈረመ፤ ወይዘሮዋም ፈረሙ።

«ይህን ደግሞ የት ላድርገው?» አሉ ወይዘሮዋ።

«እማማ፣ እዚያው ከደረሰኞቹ ጋር።»

ወረቀቱ ታጥፎ ወደ ብስኩቱ ቆርቆሮ ገባ።